ወፈፌ ሸሪፍ እንዳይመረጥ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ በኮሎራዶ ግዛት፣ በፒትኪን ካውንቲ የአስፐን ከተማ ቦታ ሻጮች፣ ደላሎች፣ ባለሆቴሎችና የሁለቱም ፓርቲ ሽማግሎች፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1970 የተሰጠው ድምፅ ተቆጥሮ ነፍሳችን መለስ ካለች በኋላ ይህን አዋጅ አውጥተናል።

መግቢያ

ሀንተር ቶምሰን የተባለ ጋዜጠኛ «የወፈፌዎች ኃይል» በሚል መፈክር ለሸሪፍነት ተወዳድሮ ከመቶ 44 ድምፅ በማግኘቱ፤

ይኸው ሰው ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ጠበቃ ለከንቲባነት አስወዳድሮ በ6 ድምፅ ብቻ በመሸነፉ፣ ተስፋ መቁረጥ ሲገባው የልብ ልብ ተሰምቶት ስለተመለሰ፤

በዚህ አገር ሸሪፍ የሚመረጥ እንጂ የሚሾም ባለመሆኑ፣ የእስር ቤቱን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ ሕዝብ እንዲወስን መተው የሚያስከትለው አደጋ በገሃድ ስለታየ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የወፈፌ መከላከያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ
ሀ) «ወፈፌ» ማለት ጸጉሩን ያሳደገ፣ ጺሙን ያንጨባረረ፣ ወይም በመራጭነት ለመመዝገብ የመጣ ወጣት ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው።
ለ) «ልማት» ማለት ከገዛንበት ዋጋ በላይ የምንሸጠው ማንኛውም ቁልቁለት ነው።
ሐ) «የሕዝብ ጥቅም» ማለት የፈራሚዎቹ ጥቅም ነው።

አንቀጽ 3፤ ስለ ጸጉር
ተወዳዳሪው ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ ጸጉሩን በወታደር ቁርጥ የተከረከመውን ሰው «ጸጉረ ረጅሙ ተቀናቃኜ» እያለ አሳቆበታል። ከእንግዲህ ማንም ተወዳዳሪ ከተቀናቃኙ ያነሰ ጸጉር ይዞ መድረክ ላይ መውጣት አይችልም። በተፈጥሮው ራሰ በራ የሆነ የሐኪም ማስረጃ ያቀርባል።

አንቀጽ 4፤ ስለ ጡጫ
በምርጫ ፖስተሩ ላይ ሁለት አውራ ጣት ያለው ቀይ ጡጫ ታይቷል። አንድ ጡጫ ከአንድ አውራ ጣት በላይ እንዳይኖረው ተከልክሏል። ትርፍ ጣት የያዘ ሰው ለመዝገብ ቤት ያስረክባል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ሣር
አስፋልቱን ሁሉ በድሪል አስፈልፍሎ ሣር እንደሚያስተክል፣ ሰውም በእግሩና በብስክሌት እንዲሄድ እንደሚያደርግ፣ የብስክሌቶቹን ጥገና ደግሞ ለፖሊስ እንደሚሰጥ ዝቷል። ማንኛውም ፖሊስ የተነፈሰ ጎማ ሲነፋ ከተገኘ የመንግሥትን ክብር አዋርዷልና ከደመወዙ ይቆረጥበታል።

አንቀጽ 6፤ ስለ ከተማው ስም
ሀብት አሳዳጆች በከተማዋ ስም እንዳይነግዱ አስፐንን «ፋት ሲቲ» ሊላት አስቦ ነበር፤ ስብ ከተማ እንደማለት ነው። ክቡራን ደንበኞቻችን ሆይ፣ በስብ ከተማ ቪላ ገዛሁ ብሎ ጎረቤቱ ፊት የሚኮራ ባለጸጋ ከየት ይገኛል? ስሙ የተመዘገበ ንብረታችን ነው። ተራራውን የሚጋርድ ሕንፃ አይሠራም ማለቱንም በተመለከተ፣ ተራራውን ማየት የፈለገ ከላይኛው ፎቅ ክፍል ይከራይ።

አንቀጽ 7፤ ስለ ግንድ
ደንበኛ የሚያጭበረብሩ ዕፅ ሻጮችን በፍርድ ቤቱ ሣር ላይ በግንድ ጠርቆ ሊቀጣ ቃል ገብቷል፤ ደህና ዕፅ በገንዘብ መሸጥ የለበትም ባይ ነውና። ከዕፁ ይልቅ ያስደነገጠን ይህ አሳብ ነው። ዛሬ በዕፅ የተጀመረ ነገ ወደ ቦታ ቢዛመት ማን ያስቆመዋል? ግንዱም ሲሠራ ልኩ በማን እግር እንደሚወሰድ አልተገለጸም።

አንቀጽ 8፤ ስለ መሣሪያ
ራሱ ተኩስ ነፍሱ የሆነ ሰው፣ ሸሪፍና ምክትሎቹ በሕዝብ ፊት መሣሪያ አይታጠቁም ማለቱ አስደንግጦናል። ያልታጠቀ ሸሪፍ ከሰው ጋር መነጋገር ሊገደድ ስለሚችል ታግዷል።

አንቀጽ 9፤ ስለ ታላቁ እርቅ
ምርጫው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ወፈፌውን የሚቃወመው ድምፅ እንዳይከፋፈል፣ ሪፐብሊካኖች የሸሪፍ ተወዳዳሪያቸውን አስወጡ፤ ዴሞክራቶችም በምላሹ የካውንቲ ኮሚሽነር ተወዳዳሪያቸውን አነሡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ያ ሁሉ ዓመት በየአዳራሹ የተሰዳደብንበት ልዩነት የት እንደገባ የሚጠይቅ መራጭ በአንቀጽ 2 (ሀ) መሠረት ወፈፌ ነው።

አንቀጽ 10፤ ስለ ከተማው ድምፅ
ቆጠራው ሲጠናቀቅ በአስፐን ከተማ ውስጥ ብልጫ ያገኘው እሱ፣ ያዳነን ደግሞ የቀረው የካውንቲው ሕዝብ መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ አስፐን ከእንግዲህ አስፐንን አትወክልም።

አንቀጽ 11፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ሕዝቡ ሌላ ሰው እስኪመርጥ ድረስ ለዘላለም የጸና ይሆናል።

የመዝገብ ቤት ማስታወሻ፦ እ.ኤ.አ. በ1976 ሕዝቡ ሌላ ሰው መረጠ። ዲክ ኪናስት የተባለው አዲስ ሸሪፍ፣ መኮንኖቼ ማንነታቸውን ደብቀው ዕፅ ተጠቃሚ አያሳድዱም አለ። ስለዚህ አዋጁ ሸሪፍን በሚመለከት ተሽሯል። ቦታ ሻጭን በሚመለከት ግን አንድም ቃል አልተነካም፤ አስፋልቱ አልተፈለፈለም፣ ስሙም አልተለወጠም፣ አስፐን ዛሬ በቤት ዋጋ ከአሜሪካ ውድ ከተሞች ተርታ ናት። ቅጂ ለሁሉም ደላሎች ተልኳል።