የኦኬ አንድምታ

ኦኬ በፈረንጅም በእኛም ፊደሏ ሁለት ነው። ሁለት ፊደል ምን ትርጓሜ ያሻዋል ብሎ ያለፈ ሰው ግን ውሎ አድሮ ከቤት አከራዩ ጋር መጣላቱ አይቀርም። ስለዚህ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ዘሯን፣ ቀጥሎ ምስጢሯን እንመርምር።

ዘሯ፦ አንድም ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከቾክታዎች ናት፤ «እንዲሁ ነው» ማለት ነው ይላሉ። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ይህን አምነው «ኦኬህ» እያሉ ይጽፉ ነበር። የፕሬዚዳንት ፊርማ ብዙ ነገር ያጸድቃል፤ ሥርወ ቃልን ግን አያጸድቅም። አንድም የግሪኮች «ኦላ ካላ»፣ አንድም የስኮቶች «ኦኽ አይ»፣ አንድም በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን ይዘዋት የሄዱት የወሎፍ ቃል ናት። ከግእዝ ናት የሚል ሊቅ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ቢዘገይ እንጂ አይቀርም።

እውነቱ ከሁሉም ይልቅ ተራ ነው። በ1830ዎቹ መጨረሻ የቦስተን ጋዜጠኞች ፊደል ሆን ብለው እያጣመሙ ማሳጠርን እንደ ቀልድ ይዘውት ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም ሁሉም ትክክል፣ በእንግሊዝኛ በ«ኤ» እና በ«ሲ» ይጀምራል፤ እነሱ በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጀመሩት። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839 «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ላይ ታተመ። እንግዲህ ዓለም ትክክለኛነትን የሚያረጋግጥበት ቃል ሁለቱም ፊደሎቹ ስሕተት ናቸው። በ1840 ደግሞ የኪንደርሁክ ተወላጁ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ለድጋሚ ምርጫ ሲቀርቡ ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ» ለማለት ኦኬን መፈክር አደረጓት። ሰውየው በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸንፈው አገራቸው ገቡ፤ ኦኬ ግን እዚያው ቀረች። ይህን ሁሉ ከአሮጌ ጋዜጣ ፈልፍሎ ያወጣው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አለን ዎከር ሪድ ሲሆን ሥራውን በ1963 እና በ1964 አሳትሞታል።

ምስጢሯ፦ ይህ ሪድ ያልደረሰበት ክፍል ነው። አንድም ቀጠሮ ናት፤ «ስድስት ሰዓት ቦሌ» ሲባል «ኦኬ» ያለ ሰው ሰባት ተኩል ላይ ይደርሳል። አንድም ስንብት ናት፤ «ኦኬ ቻው፣ ኦኬ፣ በቃ ኦኬ» የተባለበት ስልክ ገና ሩብ ሰዓት ይቀረዋል። አንድም ኩርፊያ ናት፤ በቴሌግራም ብቻዋን፣ ያለ ኢሞጂና ያለ ነጥብ የመጣች እንደሆነ። ይህንን ላገባ አንባቢ ማብራራት ድፍረት ነው።

አስቸጋሪው ንባብ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ ቧንቧው እኮ እያፈሰሰ ነው።»
«ኦኬ።»
«መቼ ይሠራልኛል?»
«ኦኬ አልኩህ እኮ!»

የፊተኛዋ ኦኬ «ሰማሁ» ናት፤ «እሠራዋለሁ» ብሎ የተረጎመ ተከራይ ከንባቡ ወጥቷል። የኋለኛዋ ደግሞ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራይ ይጨመራል» የምትል ናት። እዚህ ላይ ከ«እሺ» ጋር ያላት ልዩነት ይታያል። እሺ ቢያንስ «ነገ» ይላል፤ ኦኬ ቀን አትቆርጥም።

ስለዚህ በገንዘብም ሆነ በቧንቧ ጉዳይ ኦኬ የተባላችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ቀኑን አስጽፋችሁ አስፈርሙ።