«አትንኩት!» ላለ ሁሉ

ከመካነ ሰላም ወጣ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታብሌቷን ከቦርሳዋ አውጥታ መደቡ ላይ እንዳስቀመጠች፣ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ በሶ ሲበላበት የነበረውን ጣቱን ዘረጋ። አብሯት የመጣው ጎልማሳ «ተው! አትንካው! ታቆሽሸዋለህ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ጣቱን ሰብስቦ አያቱ ቀሚስ ሥር ገባ። ቡና የሚቆሉት አያት ከምጣዱ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ጣት ካላረፈበትማ ምን ሊሠራ መጣ? መስተዋትማ እኛም ቤት አለ» አሉት።

ሰውየው መልስ አላገኘም። እኔ ግን የእማማን መልስ ይዤ ወጣሁ። የወሎ ቦረና ሰው መልስ አያሳድርም፤ እኔም አላሳደርኩም። «አትንኩት» ባዮች በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤቱ ሞልተዋልና ለእያንዳንዳቸው እንደ አባባላቸው ይድረሳቸው።

*

«ጣታችሁ ቆሻሻ ነው» ላለ፦

ወዳጄ፣ መስተዋቱ ላይ የሚቀረው ላብና ቅባት ነው፤ የሰው ልጅ ሁሉ አለው። እንዲያውም የጣት ጫፍ የራሱ የቅባት ዕጢ የለውም፤ ከእሱ የሚወጣው ላብ ብቻ ነው። ቅባቱን የሚለቅመው ከፊትና ከፀጉር ነው። ስለዚህ በሐር ክራባት የተቀመጠው ባለሥልጣን ግንባሩን አብሶ ቢነካውም፣ የሌጋምቦ እናት ለጋ ቅቤ የተቀባ ፀጉራቸውን ዳብሰው ቢነኩትም፣ መስተዋቱ ሁለቱንም ወዝ እኩል ይቀበላል። የእማማ ወዝ የሚታይህ፣ የአንተ ግን የማይታይህ ከሆነ፣ የሚወለወለው መስተዋቱ ሳይሆን ዓይንህ ነው።

ደግሞስ መድኃኒቱን ማን አጣው? ወሎ ውስጥ እንግዳ ማዕድ ሲቀርብ ቀድሞ የሚነሳው ኩስኩስቱ ነው። ልጅ እያጎነበሰ ያስታጥባል፤ ትልቅ ሰው ይመርቃል። ለእንጀራ የሚታጠብ እጅ ለፊደልም ይታጠብ! ከታጠበም በኋላ ይድረቅ፤ እርጥብ ጣት ታብሌቱን ግራ ያጋባዋልና። «አትንካ» ከማለት «ና ልጄ፣ ታጠብ» ማለት ይቀላል፤ ባህላችንም ይኸው ነው።

«በጣት ከሚነካ በእንጨት ይነካ» ላለ፦

ከእጅ አይሻል ዶማ! ይህ መስተዋት ከሥሩ ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ አለው። የሰው ጣት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ጣቱ ሲያርፍበት መስኩ ይለወጣል፤ ታብሌቱም «እዚህ ጋ ተነካሁ» ብሎ ያውቃል። ደረቅ እንጨት ብታሳርፍበት አይሰማህም፤ በጥፍርህ ብትጭረው አይመልስልህም። የአምባ ፈሪት ተራራን ብርድ ፈርተህ ወፍራም የሱፍ ጓንት ብታጠልቅም አያውቅህም። የሚያውቀው ጣትን ነው። ለጣት የተሠራን ዕቃ ከጣት መከልከል፣ ጀበና ገዝቶ ቡና እንዳይፈላበት እንደመከልከል ነው።

«ግድ የለም፣ እኔ በነጠላዬ ጫፍ ሙልጭ አድርጌ እጠርገዋለሁ» ላለ፦

ወርቅ ላበደረ ጠጠር! ቀኑን ሙሉ ያገለገለህን ዕቃ ማታ በአሸዋ ልታሸው? ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም በበጋ የሚነሳውን አቧራ እናውቀዋለን፤ የነጠላህም ጫፍ ያውቀዋል። በአቧራ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ አብዛኛው ኳርትዝ ነው። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ላይ ሲሆን ተራ መስተዋት 6 እንኳ አይሞላም። ጠንካራው ለስላሳውን ይጭራል። በነጠላህ በተጫንከው ቁጥር ወዙ ይጠፋል፣ ጭረቱ ግን ይቀራል። ወዝ በደቂቃ ይለቃል፤ ጭረት ከዕቃው ጋር ያረጃል።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ታብሌቱን ዘንበል አድርገህ አቧራውን ሳትጫን አራግፈው። ቀጥሎ በለስላሳ ጨርቅ በቀስታ ጥረገው። የመነጽር መጥረጊያው ጨርቅ ይመረጣል፤ ክሩ ከተራ ጨርቅ ክር እጅግ የቀጠነ በመሆኑ ቅባቱን ከዚህ ወደዚያ አይገፋውም፣ በክሮቹ መካከል ይይዘዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ? ያ ከሌለ ደጋግሞ ታጥቦ የለሰለሰ፣ ቁልፍና ዚፕ የሌለው የጥጥ ካናቴራ ይበቃል። የበግ ፀጉር ባና ግን ለትከሻ ነው፤ ለመስተዋት አይሁን።

«እንግዲያው በበረኪና ልቀቀው» ላለ፦

እጅህን ሰብስብ! ብዙዎቹ ታብሌቶች መስተዋታቸው ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን አላቸው። የፍሎሪን ውህድ ነው፤ ቅባት ተንሰራፍቶ እንዳይለጠፍ፣ ሲጠረግም ቶሎ እንዲለቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ጣት ሲመላለስበት ሽፋኑ በዓመታት ቀስ እያለ ይሳሳል። በረኪና፣ ሸካራ ሳሙናና የመስኮት ማጽጃ ግን የዓመታቱን ሥራ በአጭር ጊዜ ይሠሩታል። ከዚያ በኋላ «ይህ ታብሌት ድሮ እንዲህ አይቆሽሽም ነበር» ትላለህ። አዎ፣ አይቆሽሽም ነበር፤ ቆዳውን ሳትገፈው!

ቅባቱ በደረቅ ጨርቅ አልለቅ ካለ፣ ጨርቁን በንጹህ ውኃ በጥቂቱ አርጥበው። ጨርቁን አልኩ፣ ታብሌቱን አይደለም። በቀጥታ የተረጨ ውኃ በቻርጀሩና በድምፅ ማጉያው ቀዳዳ ገብቶ ሆዱን ያበላሸዋል። አልኮልን በተመለከተ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኮሮና ሲገባ 70 ከመቶ አልኮል ባለው መጥረጊያ በቀስታ መጥረግ እንደሚቻል አስታውቋል። የሌላ አምራች ዕቃ ከሆነ የራሱን መመሪያ እይ። በበረኪናው ግን አፕልም እንቢ ብሏል፤ እኔም እንቢ ብያለሁ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ አጥፋው። አንደኛ፣ ወዙ ጎልቶ የሚታየው በጨለመ መስተዋት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ሳይጠፋ ስትጠርገው ጨርቁና ጣትህ ያልታሰበውን ይነካሉ፤ የተመዘገበው ቤተሰብ ይዘጋል፣ ያልተሰጠው ክትባት ተመዝግቦ ይገኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ተረጋግተህ አጥፋ፣ ተረጋግተህ ጥረግ።

«ቢቆሽሽስ ምን አለበት? ነገ ይጠረጋል» ላለ፦

ለዚህኛውም መልስ አለኝ፤ ጣትን ደገፍኩ እንጂ ዝርክርክነትን አልደገፍኩም። እ.ኤ.አ. በ2010 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስልክ በመስመር ንድፍ ሲቆለፍ ጣት የሚተወውን ወዝ በካሜራ እያነሱ መረመሩ። በአንድ ሙከራቸው፣ ከሞከሯቸው የብርሃንና የካሜራ አቀማመጦች በ92 ከመቶው የቁልፉን ንድፍ በከፊል፣ በ68 ከመቶው ሙሉ በሙሉ አነበቡት። የጎረቤት ዓይንም ከካሜራ አያንስም፤ ታብሌቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል ማድረግ ብቻ ነው።

በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታብሌት ውስጥ ያለው ደግሞ የሰው ገመና ነው። ድሮ በወረቀት ይያዝ የነበረው የቤተሰብ ማኅደር ዛሬ ወደ ታብሌቱ እየገባ ነው። ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የማን ልጅ ክትባት እንደቀረበት፣ ማን መድኃኒት እንደጀመረ ያለው እዚያ ነው። እና «ነገ ይጠረጋል» ትለኛለህ? ዛሬ ጥረገው! ለገመናው ብቻም አይደለም፤ የታመመ ሰው ካለበት ቤት ወጥታ አራስ ቤት የምትገባ ሠራተኛ እጇን ከመታጠቧ ጋር ታብሌቱንም ብትጠርግ፣ ለአራሷም ለጨቅላውም ይበጃል።

«የእኚህ ገበሬ ጣት አይነበብም» ላለ፦

እዚህ ላይ ድምፄ ቢጠነክር አትፍረዱብኝ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ መታወቂያ ወደ ገጠሩ እየገባ ነው። ሲመዘገቡ አሥሩ ጣቶች፣ ሁለቱ ዓይኖችና ፊት ይወሰዳሉ። በዚህ መሐል ስልሳ ዓመት ሞፈር የጨበጠ፣ ገብስ ያጨደ፣ ድንጋይ የካበ እጅ መጥቶ ያርፋል። መስመሩ ተፍቋል። «አባባ፣ ጣትዎ አይነበብም» ይባላሉ፤ እሳቸውም እንደ ጥፋተኛ መዳፋቸውን ገልብጠው ያያሉ።

አባባ መዳፍዎን አይደብቁ! አንተም ልጄ፣ ጣታቸውን ከመውቀስህ በፊት መስተዋትህን እይ። ከእሳቸው በፊት ያረፉ ሃያ ጣቶች ወዝ ተደራርቦበት ይሆናል፤ መሣሪያው የቀደሙትን አሻራ ከእሳቸው ጋር ደባልቆ ሲያይ ይደናገራል። መጀመሪያ እሱን ጥረግ። ደረቅ ጣት ከሆነ በትንሹ አርጥበው፤ እርጥብ ከሆነ አድርቀው፤ ጠፍጣፋ አድርገው እንዲያሳርፉ በትሕትና አግዛቸው። እምቢ ካለም ዓይናቸውና ፊታቸው አለ። የእኚህ ሰው ጣት መስመሩ ያለቀው እኔና አንተን ሲያበላ ነው። መሬቱ ላይ የጻፉትን ማንበብ ከፈለግህ የቦረናን እርከን ቁጠር።

«ሕፃን እጅ ካልገባ ሁልጊዜ አዲስ ነው» ላለ፦

አዲስ መሆኑማ ምን ጠቀመ? ለ4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር። ቆጠራው በ2010 ይካሄዳል ተባለ፣ ተራዘመ፤ በ2011 ተባለ፣ በሰኔ ወር ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት። ዛሬም የመጨረሻው ቆጠራችን የ1999ኙ ነው። የ2012 የ12ኛ ክፍል ፈተናም በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ ተማሪው ግን በ2013 የተፈተነው በወረቀት ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው! እኛ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ የምንኖር ሰዎች ተረቱን በሥጋችን እናውቀዋለን፦ ወንዙ ከሥር ይታያል፣ እንስራው ባዶ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሰው «ታብሌቱ ላይ አሻራ አየሁ» ብሎ ሲያዝን ስሰማ፣ እኔ የማዝነው አሻራ ላላረፈበት ነው።

ጣት ሲፈቀድለት ምን እንደሚሠራም በአገራችን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ በኩል ባሉ ሁለት መንደሮች ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት ታብሌት በታሸገ ካርቶን ሰጠ። አስተማሪ የለም፤ «አትንኩ» ባይም የለም። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ አንዱ ሕፃን ካርቶኑን ከፍቶ፣ ማብሪያውን ፈልጎ ያበራው በአራት ደቂቃ ነው። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ሕፃን በቀን በአማካይ 47 መተግበሪያ እየከፈተ ይጠቀም ጀመር። እነዚያ መስተዋቶች በወዝ እንደተሸፈኑ አልጠራጠርም። የወንጪ ሕፃን ጣት ካወቀ የሳይንት፣ የወግዲና የከላላ ሕፃን ጣት ምን አነሰው? ብርድ ቢያደነዝዘው እንኳ ቡና በሚፈላበት እሳት ዳር ይሞቃል።

*

ወደዚያች ቤት ልመልሳችሁ፤ ነገሩ «አትንካው» ላይ አላበቃም።

ሠራተኛዋ ለሰውየው መልስ አልሰጠችም። ተነሥታ ኩስኩስቱን አነሣች። «ና የኔ ጌታ» አለችው፤ ልጁም ከቀሚሱ ሥር ብቅ አለ። እጁን አስታጠበችው፤ በሶው ታጥቦ ወረደ፤ በነጠላዋ ሳይሆን በፎጣ አደረቀችለት። ከዚያ ታብሌቱን አብርታ ባዶ ገጽ ከፈተችና ሌባ ጣቱን ይዛ «ሀ»ን አብራው ጻፈች። ሁለተኛውን ብቻውን ጻፈው። ጎኑ ተጣሞ ነበር፤ «ሀ» ግን ነበር።

ስታጠፋው መስተዋቱ ጨለመ፤ በጭላንጭሉ ብርሃን የትንሿ ጣት ወዝ ፊደሉን እንደያዘ ታየ። ልትጠርገው ጨርቋን ስታወጣ እማማ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ልጄ፣ ቡናው እስኪወርድ ይቆይ።»

«ምነው እማማ?»

መሠረተ ትምህርት በ1971 ሲታወጅ እኚህ ሴት ኮረዳ ነበሩ፤ ከብት ጠባቂ ስላልተገኘ ግን ዳሱ ድረስ አልሄዱም። ከዚያ ወዲህ ለመሬቱም፣ ለማዳበሪያውም፣ ለብድሩም አውራ ጣታቸውን በቀለም እየነከሩ ወረቀት ላይ አሳርፈዋል። አውራ ጣታቸውን አነሡና ለሰውየው አሳዩት።

«እኔ አሻራዬን ያኖርኩት ማንበብ ስላልቻልኩ ነው። እሱ ያኖረው ሊያነብ ነው። የትኛው ነው ቆሻሻ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ልጁን ራሱን ዳበሰው። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። በረካው ሲያልቅ እማማ ቤቱን መረቁ። ሠራተኛዋም ጨርቋን አውጥታ መስተዋቱን በቀስታ ጠረገችው፤ ቀጥሎ ባለው ቤትም እጁን ታጥቦ የሚጠብቅ ልጅ አለና።