የመጠጥ ማዕረግ

ሰው እንደ ሹመቱ እንዲጠራ የደነገገው ሥርዓታችን መጠጥንም ያለ ማዕረግ ባለመተዉ ምስጋና ይገባዋል፤ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የመጠጥ ክብር የሚመነጨው ከጋኑ ሳይሆን ብርጭቆውን ካነሣው እጅ መሆኑን ያልተረዳ መንገደኛ ቢኖር፣ ምሥጢሩ ገና አልተገለጠለትምና ይታዘንለት።

እናቶች በጢስ ታፍነው ከዳጉሳ ድፍድፍ የሚያወጡትን አረቄ ለአብነት እንውሰድ። ገበያ የወጣው ገበሬ አህያውን ከደጅ አስሮ በመለኪያ ሲቀበለው ስሙ ካቲካላ ነው፤ ጸሐፊው ከሥራ ሲወጣ በዚያው ቤት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲጨልጠው «ደረቅ» ይሆናል፤ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል በእንጅባራ ሲከበር ያው ፈሳሽ ከክቡራን እንግዶች ጠረጴዛ የመድረስ ዕድል ቢገጥመው ደግሞ፣ ወዲያውኑ «ባህላዊ መጠጥ» ተብሎ ይሾምና ንግግር ይደረግለታል። ሁለት ጊዜ የወጣው ዳግም አረቄ 40 በመቶና ከዚያም የሚበልጥ አልኮል ይዞ ከባሕር ማዶው ውስኪ ጋር በጉልበት ቢተካከልም፣ ውስኪው ወረቀት የተለጠፈበት ጠርሙስ ለብሶ ስለሚመጣ «መስተንግዶ» ይባላል፤ ያገራችን ልጅ ግን በሃይላንድ ስለሚጓዝ «አስካሪ» ተብሎ ይወቀሳል። በማኅበር ቀን ጠላው «ጠበል» ስለ መባሉ እኔ ኃጥኡ አፌን አልከፍትም፤ ካህናቱ ባርከውታልና።

በዚህ ድንቅ ሥርዓት ላይ በጠላትነት የተነሣው ሕግ ብቻ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ ትልቅና ትንሹን ሳይለይ፣ መኳንንቱንም ሳያፍር፣ ሁሉንም «የአልኮል መጠጥ» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥንም እንዳይተዋወቅ ከለከለ። ኮማሪዋ ግን በደጇ እንጨት ተክላ ጣሳ ከመድፋት በቀር ሌላ ማስታወቂያ ኖሯት ስለማያውቅ፣ የቴሌቪዥኑ ክልከላ በራፏን ሳያንኳኳ አልፏት ሄዷል፤ የደንበኞቿን ዕድሜ መመርመሩም፣ መቼም አባትና ልጅ ባንድ አግዳሚ በሚቀመጡበት ቤት፣ ነውር መስሎ ይታያታል።

በስም አወጣጥ ለመጠጡ የተደረገው ጥንቃቄ ለጠጪውም ሳይተርፍ አልቀረም። ገበሬው፣ ጸሐፊውና የጸሐፊው አለቃ ሦስቱም እኩል ጠጥተው፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጭቃ ላይ እኩል ቢንገዳገዱ፣ ገበሬው «ሰከረ»፣ ጸሐፊው «ሞቅ አለው»፣ አለቃው «ደከማቸው» ይባላል። በማግሥቱም ገበሬው ዞሮበት ተኝቷል፤ ጸሐፊው ጉንፋን ይዞታል፤ አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው።