ስማቸው የጠፋባቸው ጌታ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ለዚህ ተረት እንደ ካርቱሙ ጌታ የታመነ አልተገኘም። ምን የመሰሉ ደግ መሰሏችሁ! ስማቸው ሲነሳ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግላቸዋል። ቀን ባይመቻቸው እንኳ በውድቅት ሌሊት ሰው ቤት ሄደው ይጠይቃሉ። ሙሉ ስማቸው የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 ይህ ስም ጠፋ ተባለ። በየካቲት አንዲት ወጣት ሰዓሊ፣ «የጌታው ሰዎች ይዘው ደፈሩኝ» ብላ በአደባባይ ተናገረች። ሌላ አባወራ ቢሆን ልጆቹን ሰብስቦ «ማናችሁ?» ይል ነበር። ጌታው ግን ጨዋ ናቸውና የቤታቸውን ገመና አልነኩም፤ «ነገሩ ይጣራ» ብለው የጻፉትን ጋዜጠኞች ከሰሱ።

ሕጉም አላሳፈራቸውም። እ.ኤ.አ. የ1991ዱ የሱዳን ወንጀል ሕግ በአንቀጽ 66 የሐሰት ወሬ ያሳተመን፣ በአንቀጽ 159 ስም ያጠፋን ይቀጣል። በሐምሌ ፍርድ ቤቱ የ«አል ጀሪዳ» ጋዜጣ ጋዜጠኛዋን ፋጢማ ጋዛሊን 2,000 ፓውንድ ክፈይ፣ ካልሆነም አንድ ወር ታሰሪ አላት። ይህን የሚያህል ስም በዚህ ዋጋ መመለሱ ርካሽ ነበር። እሷ ግን እምቢ ብላ ወደ ኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ወረደች። በዚያው ወር ባልደረባዋ አማል ሀባኒም ያው ተፈረደባት፤ እሷም ከመክፈል መታሰርን መረጠች። ገንዘብ የማይወዱ ሴቶች!

ጌታው ችሎት መመላለሱ ሳይሰለቻቸው አልቀረም። እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 2015 የ14 ጋዜጦችን እትም በአንድ ቀን ጠቅልለው ወሰዱ። የወረቀቱና የቀለሙ ሒሳብ ወጥቶ፣ ማተሚያ ቤቱ ሥራውን እስኪጨርስ የሚታገሥ፣ ከዚያም ሙሉውን እትም ለብቻው የሚያነብ፣ እንዲህ ያለ የጋዜጣ ወዳጅ ከወዴት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በ2019 ግን ነገር ተገለበጠ። ፕሬዚዳንት ኦማር አል በሺር ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የጌታው ስም «አጠቃላይ የመረጃ አገልግሎት» ተብሎ ተቀየረ። በሰዓሊዋ ጉዳይ ተከሰው ከነበሩት ጸሐፊዎች አንዱ፣ ፈይሰል መሐመድ ሳሌህ፣ የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆኑ። እንግዲህ የቀድሞው ስም ከነጭራሹ ጠፋ፤ በዚህ ጊዜ ግን አጠፋህ ተብሎ ችሎት የቆመ ጋዜጠኛ የለም።

እኛ ከመተማ ወዲህ ያለነው እንዲህ ያለ ጌታ አናውቅም። የኛዎቹ ስማቸው አይጠፋም፤ ጋዜጣም አያነቡ፣ ሌሊትም ሰው አይጠይቁ። ስለዚህ ይህችን ስንኝ ለካርቱም ብቻ ልኬአለሁ፤ በመንገድ የከፈታት ሰው ለራሱ ነው ብሎ እንዳይቀየመኝ።

ጌታው ከችሎቱ ይፈልጋል ስሙን፤
ሴቶቹ ከወህኒው ይጮኻሉ ስሙን።