ገመናችሁን ላይቭ አስገቡልን

የጎጃም ሰው ሆዱን አይናገርም፣ ነገሩን በሰምና ወርቅ ይሸሽጋል እየተባለ ስንት ዘመን ታማ! አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን ይህን የአማራ ድብቅነት ሊፈታ መንዝ ድረስ ወርዶ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈበት። ምስኪን! ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ፣ ደብረ ማርቆስ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ስልክ ቢከፍት ሳይጠይቅ ሁሉ ይነገረው ነበር።

ተገላገልን መቼም። ድሮ እናት ሕፃኗን ቡዳ እንዳያይባት በነጠላ ሸፍና ታልፋለች፤ ትልቅ ሰው ሲበላም ጋቢ ይጋረድለታል። (በቡዳ ስም ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ስናገል መኖራችን ሌላ ነውር ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።) ዛሬ ዶሮ ወጡ ፎቶ ሳይነሣ እጅ አይሰደድበትም፤ ሕፃኑም እትብቱ ሳይደርቅ ገላውን ሲታጠብ ለአገር ይታያል። ቡዳም በአጥር ቀዳዳ መሹለክለክ ቀርቶለት፣ ጥቅል ገዝቶ ተጋድሞ ያያል።

የንስሐ አባቶችስ ምን ሥራ ቀራቸው? የሰሙትን እንዳያወጡ ቀኖና ያሰራቸው ሰዎች ናቸው፤ ሼር የማያደርግ አድማጭ ደግሞ ምን ይረባል? ጭራሽ ስግደትና ጾም ያዝዛሉ። ቲክቶክ እንዲህ ጨካኝ አይደለም። ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው ላይቭ ገብቶ ይንሰቀሰቃል፤ በእንባው መሀል «ታፕ ታፕ አድርጉ እንጂ!» ይላል፤ ጽጌረዳ ይዘንብለታል። ከባሏ ስልክ ያገኘችውን መልእክት ለሕዝብ የምታነበውም ብትሆን፣ በጓዳ ሦስት ሽማግሌ ይጨርሰው የነበረው ጠቧ ከዱባይ እስከ ዋሽንግተን ዳኛ አግኝቷል። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ዳኛው ሕዝብ ግን «ፓርት ሁለት መቼ ነው?» ይላል። ታርቀው ቢገኙ የሚያዝነው እሱ ነው።

ለዚህ ሳይንስም ምስክር ቆሞልናል። የሃርቫርዶቹ ዲያና ታሚርና ጄሰን ሚቸል በ2012 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ የሚነቃው ምግብና ገንዘብ የሚያስደስተው የአንጎል ክፍል ነው። የጥናቱ ተሳታፊዎች ስለ ራሳቸው ለመናገር ሲሉ ሊያገኙ የሚችሉትን ገንዘብ በከፊል ይተዉ ነበር። ቆጣቢዎች! እኛ ዘይት ተወዶ እንኳ ከኪሳችን ዳታ እንገዛለን።

ስለዚህ ዲማና ዋሸራ ቆሎውን እየቆረጠመ በቅኔ የሚማስነው ተማሪ ወደ ቤቱ ይመለስ። ወርቁን ሰም ውስጥ ሲቀብር ዕድሜውን ይፈጃል፤ ለዚያውስ ስንት ላይክ ሊያገኝበት? ሀዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ማሳተማቸው በጃቸው። ዛሬ ቢሆን በዛብህና ሰብለ ወንጌል አብረው የተነሡትን ፎቶ ለጥፈው፣ ፊታውራሪ መሸሻም ሥሩ ኮሜንት ጽፈው፣ ያ ሁሉ መጽሐፍ በአንድ ገጽ ባለቀ ነበር።

ይህን በረከት ያቋረጠብን የ2015 ክረምት ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ ሰው ቁርሱን ማንም ሳያውቅለት በላ፤ ማንም ሳያይለትም አለቀሰ። የማን ቤት እንደ ተቃጠለ፣ የማን ልጅ ወጥቶ እንደ ቀረ፣ ለዓለም የምንነግረው ነገር የሞላን ያኔ ነበር። መስመሩ ሲለቀቅ የማኪያቶአችንን አረፋ ለጠፍን።