ደሴን የሚደበድበው የልጅ ልጄ

ኧረ ጉድ ነው! ድሮ አውሮፕላን መጣ ሲባል ሰው ወደ ዋሻ ይሮጥ ነበር፤ የኔ የልጅ ልጅ ወደ ኮምፒውተሩ ይሮጣል። ባናዬን ጭኑ ላይ ጣል ያደርግና በአውሮፕላን ጨዋታው ውስጥ የጣሊያኑን ቦምብ ጣይ የካፕሮኒን ሦስት ሞተሮች በየተራ ያስነሳል። ዶሮዎቹ ይበረግጋሉ። «ምን ልትሠራ ነው?» ስለው፣ «አባባ፣ ደሴን ልደበድብ ነው» አለኝ። ቡና የምትቆላው እናቱ ቀና ብላም አላየችው።

ታሪኩንማ ከኔ በላይ ያውቀዋል፤ አይካድም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣሊያን ደሴን እንዴት እንዳነደደ፣ የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል ከነቀይ መስቀሉ እንደተመታ፣ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ላይ ሆነው እንደተኮሱ ይዘረዝርልኛል። ይህን ሁሉ እያወቀ የሚቀመጠው ከማን ጋር ነው? ከቦምብ ጣዩ ጋር! «ለምን ከጃንሆይ ጋር ሆነህ አትተኩስም?» ብለው፣ «ጨዋታው እዚያ ቦታ የለውም» ብሎኝ አረፈው።

ደግሞ ሊክሰኝ ብሎ ጓሳን ከላይ አሳየኝ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣው አገሬ አረንጓዴ ጨርቅ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ጭላዳ የለ፣ ቀይ ቀበሮ የለ፣ ጅብራ የለ። አባቶቻችን ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ብለው፣ በቀሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ ያቆዩት ሣር አንድ ዘለላ እንኳ አይታይም።

የባሰው ግን ዘረት ነው። እዚሁ ከኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በሚያዝያ 1931 ጣሊያን ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን አርበኞች ከነሴቱ ከነሕፃኑ በመርዝ ጋዝ ፈጃቸው፤ ከጋዙ የተረፉትን ወንዶች በጥይት ረሸናቸው። «እስቲ ዋሻውን አሳየኝ» አልኩት። አውሮፕላኑን ዝቅ አድርጎ ገደሉን ዞረው፣ ዞረው፤ ቀዳዳ የለውም። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ተራራ ሁሉ ድፍን ነው! ሰው የሚገባበት ስንጥቅ እንኳ አልተዉለትም። ለነገሩ ከላይ ላለ ሰው ዱሮም እንዲሁ ነበር። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ እዚህ አገር ቦምብ ሲጥል ከርሞ፣ ደስ እንዳለው የሚናገር መጽሐፍ ጽፎ አረፈው።

የኔው ጀግና እስካሁን ደሴን አላገኛትም። አብራሪነቱ እንደ እርሻው ስለሆነ ተራራ እየገጨ ይመለሳል፤ እሰየው።

እናንተ ጨዋታ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ ዘረትን ስትሠሩ ዋሻውን አትድፈኑብን። ከውስጥ ሆኖ ሞተሩን የሚሰማ ሰውም አስቀምጡበት።