ዋርዱ ሁሉ 20 ይተነፍሳል

እምቢ ማለት አልፈጠረብኝም። ነርስ ሆኜ ከተቀጠርኩ ወዲህ ይህ ጠባዬ ደመወዝ ሳይጨመርለት ብዙ የሥራ መደብ ይዟል፤ በሽተኛ እገፋለሁ፣ የጠፋ ካርድ እፈልጋለሁ፣ አስታማሚ ከዘበኛ ሲጣላ አስታርቃለሁ። ኢንተርኗ «ወንድሜ፣ ይቺን ደም ላብራቶሪ ታደርስልኛለህ?» ስትለኝ አፌ «እሺ» ካለ በኋላ ነው ጭንቅላቴ ሥራው የማን እንደሆነ የሚጠይቀው። ማታ ጓደኞቼ ጋ ስደውል ግን ሌላ ሰው ነኝ፤ ስለ ነርስ መብትና ስለ ሥራ ድርሻ እንደ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው የማወራው።

ወደ ላይ ሲሆንም ድንበር አላውቅም። ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ ለአስታማሚ «ዶክተር» ነው፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ስፔሻሊስትም ብትሆን «ሲስተር» ትባላለች። ሐኪሞቹ ሴቶች በዚህ ሲናደዱ አያለሁ። እኔ ተናድጄ አላውቅም። «እናቴ፣ እኔ ነርስ ነኝ» ከማለት ይልቅ ድምፄን ጎርነን አደርጋለሁ። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ሳለ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. ተመርቀዋል፤ የኮንዶሚኒየሙ ልጅ እኔ አፍራለሁ። «ዶክተር፣ ውጤቱ ምን ይላል?» ሲሉኝ ፊቴን ኮስተር አድርጌ «እየተከታተልነው ነው» እላለሁ። ለሁሉም በሽታ ይሆናል።

በሰው ሥራ ስራወጥ የሚበላሸው የራሴው ነው። ግፊትን መሣሪያው፣ ሙቀትን ቴርሞሜትሩ ይነግረኛል። ትንፋሽ ግን በዓይን ነው የሚቆጠረው፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ደረቱን እያዩ፣ ያውም በሽተኛው ሳይነቃ፣ ከነቃ አተነፋፈሱን ይለውጣላ። አንድ ደቂቃ ቆሞ የሰው ደረት የሚያይ ነርስ ደግሞ ሥራ የፈታ ይመስላልና ወዲያው ይላካል። ስለዚህ 20 ብዬ እጽፋለሁ። የጤነኛ አዋቂ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው፤ 20 ማንንም የማያስቀይም ቁጥር ነው።

አንድ ማለዳ ሄድ ነርሳችን ቻርቶቹን እያገላበጡ «ይኼ ዋርድ እንደ መዘምራን በአንድ ላይ ነው እንዴ የሚተነፍሰው?» አሉ። ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። የሳንባ ምች ይዟቸው የተኙ አባት አጠገብ አቁመው የእጅ ሰዓታቸውን ፈተው ሰጡኝ። ቆጠርኩ፦ 34። የደም ግፊታቸው ገና ደህና ነበር። የሰውየውን መድከም ቀድሞ የሚናገረው ትንፋሻቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ 20 ስል ነው ያደርኩት። ሐኪም ተጠርቶ ኦክስጅን ተደረገላቸው።

አሁን እቆጥራለሁ። ስቆጥር የጠራኝን ሁሉ ጣቴን ቀስሬ አስቆመዋለሁ። ባለፈው የቀሰርኩት ስፔሻሊስቱ ላይ ሆነና ደንግጬ ቁጥሩ ጠፋኝ። እንደገና ከአንድ ልጀምር ዞር ስል በሽተኛው ነቅቶብኝ ኖሮ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል።

«ዶክተር፣ ምን አገኙብኝ?»

«እየተከታተልነው ነው» አልኩት።